ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ብቻ ነውን?

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ ዶሮ ታዝናለች ሲባል ብንስቅ አይፈረድብንም። በአየር ማረፊያ የታክሲ ሰልፍ ተራችንን ስንጠብቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቱ ጓሮ ከሁለቱ ዶሮዎቹ አንዷን ቀበሮ ቢበላበት፣ የተረፈችው ከቆጥ አልወርድ፣ እህል አልቀምስ ማለቷን አጫወተን። ከፊሉ ሳቀ፤ ከፊሉ «ምን ይታወቃል!» አለ። ጉዳዩ ለውድ አንባብያን ቁም ነገር አያጣም ብዬ ስላሰብሁ ያነበብሁትን አሰባስቤ አቅርቤአለሁ።

ከዶሮዋ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ፣ ዶሮዎች እርስ በርሳቸው እንደሚተዋወቁና ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ የማዕረግ ተራ እንዳላቸው ገለጸ። ስለዚህ አንዷ ስትጎድል ተራው ይናጋል። በአገር ቤት መምህር ሳለሁ ለተማሪዎቼ ማየት ሌላ፣ መገመት ሌላ መሆኑን ደጋግሜ እነግራቸው ነበር። የባልደረባዬ ዶሮ ዝም ያለችው አዝና ይሁን፣ ተራው ተናግቶባት ይሁን፣ ወይስ ቀበሮውን ፈርታ፣ በማየት ብቻ አይለይም። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ጫጩቶቿ ላይ አየር እፍ ሲባልባቸው ያየች እናት ዶሮ የልብ ምቷ ሲፈጥን፣ የዓይኗ ሙቀት ሲቀንስ፣ ጫጩቶቿንም አብዝታ ስትጣራ ተመዝግቧል። ይህ ለልጅ መጨነቅን ያሳያል እንጂ ለሞተ ማዘንን አያረጋግጥም።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ያለ ላቦራቶሪ ነክተውታል። በገጠር ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን አልሰጥ ስትል፣ የጥጃው ቆዳ ተገፎ ገለባ ይሞላና ፊቷ ይቀርብላታል፤ እሷም እያሸተተችና እየላሰች ትታለባለች። ገበሬው ስለ ላም ሐዘን አልተፈላሰፈም፤ የልጇን ሽታ እንደምትፈልግ ግን አውቆ ለኑሮው ተጠቅሞበታል። በቀድሞው ዘመን የጀግና ልቅሶ ሲሆንም ፈረሱ ተሸልሞ በአልቃሹ መካከል ይወጣ ነበር። ፈረሱ ምን እንደተሰማው የጠየቀ ባይኖርም ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቆጥሯል።

ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የተገኘው ከዚያው ከአገራችን፣ ከሰሜን ሸዋ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጓሳ፣ የመንዝ ሕዝብ አለቃ መርጦ ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ ለዘመናት የጠበቀው ምድር ነው። እዚያ የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው የአገሬውን ስም ይዞ «ጌላዳ» ብሎታል። ፒተር ፋሺንግና ባልደረቦቹ በጓሳ 3 ዓመት ከ9 ወር ያህል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ 14 እንስት ጭላዶች የሞቱ ግልገሎችን ተሸክመው ሲዞሩ አይተዋል፤ አንዷ ለ1 ሰዓት፣ አንዷ ለ48 ቀንና ከዚያም በላይ። የተሸከሙት እናቶች ብቻ አልነበሩም፤ የዚያው መንጋ ሌሎች እንስቶች፣ ከሌላ መንጋ የሆኑም ጭምር ነበሩ። አጥኚዎቹ የቦታው አየር ጠባይ ሬሳው ቶሎ እንዳይበሰብስ ረድቶ ይሆናል ይላሉ። ይሁንና ብርዱ ሬሳውን ቢያቆይ እንጂ እናቲቱን «ተሸከሚ» አይላትም።

ይህን ጸሐፊ ያሳሰበው ግን የጥናቱ ሌላ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በስኮትላንድ አንዲት አሮጊት ቺምፓንዚ በምትሞትበት ጊዜ ጓደኞቿ ጠጉሯን እየዳሰሱ አጠገቧ ሆነው፣ ልጇም ሌሊቱን ከሬሳዋ ሳትርቅ አድራለች። በጓሳ ሁለት ጭላዶች ሲያጣጥሩ ግን እንዲህ ያለ እንክብካቤ አልታየም። ሙቱን ለሳምንታት የማይጥል መንጋ፣ ለሚሞተው ጊዜ አልነበረውም።

እኛስ? በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ መርዶ ሲሰማ ቤቱ ይሞላል፣ ምግቡ ከየቤቱ ይመጣል፣ ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ይዋጣል። ይህ ባህል በስደት ሳይጠፋ መቆየቱ ያኮራል። ነገር ግን ያው ሰው በሕይወት ሳለ ታሞ በአንዲት ክፍል ወራት ሲተኛ የጠየቀው ስንቱ ነው? ሁለት ሥራ እንሠራለን፣ መንገዱ ሩቅ ነው እንላለን፤ እውነት ነው። ለልቅሶው ግን ያንኑ መንገድ ሄደን፣ ከዚያው ሥራ ቀርተን እንገኛለን። ስለዚህ ቀኑ ቢፈለግ ይገኛል ማለት ነው።

እንግዲህ መረዳጃ ማኅበሮቻችን ለቀብር የሚያሳዩትን ትጋት ለታማሚም ያውሉት ዘንድ አሳስባለሁ። የታመሙትን ስም የሚይዝ አንድ ሰው ይመረጥ፤ የጥየቃ ተራም ይውጣ። የሥራ ሰዓታችንን ራሳችን የምንመርጥ የታክሲ ሾፌሮች የመጀመሪያውን ተራ ብንወስድ መልካም ነው።