«ኩላሊቴ ታጥቦ ይድናል?»
የሕሙማን ጥያቄዎችና የኩላሊት ሕክምና ታሪክ

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። የዘመኑ ሰው ሽቦ ሳይዘረጋለት ከሩቅ አገር ጋር የሚነጋገረውን መሣሪያ ባየ ጊዜ በነፋስ የሚሄድ ስልክ አድርጎ ተረዳው፤ ስሙንም በዚያው አወጣለት። ዛሬ በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ መካኒሳ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ ከሚመጡ ሕሙማን ዘወትር የምንሰማው «የኩላሊት እጥበት» የሚለው ስያሜም የተወለደው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሕዝቡ አዲሱን ሕክምና በሚያውቀው የዕለት ተግባር መሰለው። ይሁን እንጂ በሁለቱ ስያሜዎች መካከል አንድ ልዩነት አለ። ሬዲዮን በነፋስ የሚሄድ ነው ብሎ ያመነ ሰው የሚደርስበት ጉዳት የለም። ኩላሊት እንደ ልብስ ታጥቦ ይነጻል ብሎ ያመነ ቤተሰብ ግን በዚህ እምነት ቤቱን ሊሸጥ፣ ወይም በተቃራኒው ሕክምናውን ሸሽቶ ሕሙሙን ሊያጣ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕሙማን ስለ ኩላሊትና ስለ ሽንት ቧንቧ ጤና ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከታሪካቸው ጋር አያይዞ ማቅረብ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለመልሱ ያግዛልና።

ስውሩ አካል

በግእዝ መጻሕፍት ኵልያት ከልብ ጋር ተጣምረው የሰው ስውር አሳብ መቀመጫ ሆነው ይነሣሉ። አባቶቻችን ኩላሊትን ከዐይን የተሰወረ፣ ከጥልቅ ያለ አካል አድርገው ማየታቸው ለሐኪምም የሚስማማ አስተያየት ነው። የአገራችን የመድኃኒት መጻሕፍትም፣ እስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 በዋርሶ ካሳተማቸው የሕክምና ድርሳናት መረዳት እንደሚቻለው፣ ለልዩ ልዩ ደዌያት የሚሆኑ ሥሮችንና ቅጠሎችን በዝርዝር መዝግበዋል። ነገር ግን ሽንት ሲከለከል ወይም ሲያቃጥል ሕሙሙ ራሱ ያውቀዋል፤ ኩላሊት በዝግታ ሲሞት ግን የሚነግረው ምልክት የለም።

ይህን ስውር ሕመም ከአልጋው አጠገብ ሆኖ መለየት የተቻለው ዘግይቶ ነው። የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ ብራይት እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ ሰውነታቸው ያበጠ ሕሙማን ሽንት በእሳት ሲሞቅ እንደሚረጋ፣ ከሞቱም በኋላ ኩላሊታቸው ተበላሽቶ እንደሚገኝ አሳየ። በሽንት ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን የኩላሊት ጉዳት ምልክት መሆኑ ከዚያ ወዲህ ታወቀ። ዛሬ በማንኛውም ጤና ጣቢያ በአንዲት የወረቀት ዘንግ የሚደረገው የሽንት ምርመራ የዚያ ግኝት ወራሽ ነው።

«ወገቤን ያመኛል፤ ኩላሊቴ ነው?»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው። በአማርኛ የዕለት ንግግር «ኩላሊቴን አመመኝ» ማለት ብዙውን ጊዜ ወገብን አመመኝ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የተሸከመ የቀን ሠራተኛም፣ ከስፌት መኪና ያልተነሣች ሴትም በአንድ ቃል ይናገራሉ። የአብዛኞቹ ሕመም ምንጩ ጡንቻና አከርካሪ ነው። በእርግጥ ጠጠር ሲንቀሳቀስ ወይም ኩላሊት በተሕዋስያን ሲመረዝ በጎድንና በጎን ብርቱ ሕመም ይሰማል፤ ይህ ግን በአብዛኛው ከትኩሳት፣ ከማንቀጥቀጥ፣ ከማስመለስ ወይም ከሽንት ለውጥ ጋር ይመጣል። ሥር የሰደደው የኩላሊት ድካም ግን በአብዛኛው ሕመም የለውም።

አደጋው ያለው ከዚህ የተሳሳተ ስያሜ ቀጥሎ በሚመጣው ድርጊት ላይ ነው። ኩላሊቱ የታመመ የመሰለው ሰው ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ለሳምንታት ይወስዳል። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፤ በተለይ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ላለበት፣ ዕድሜው ለገፋ፣ በተቅማጥ ወይም በትውከት ውኃው ለተሟጠጠ ሰው አደገኛ ናቸው። ጤነኛ የነበረው ኩላሊት «ለኩላሊት» ተብሎ በተወሰደ መድኃኒት ሲጎዳ ማየት ለሐኪም እንግዳ ነገር አይደለም።

«ብርድ ነው የመታኝ?»

ሽንት ሲያቃጥል ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ምክንያቱን ከውጭ ሲፈልግ ኖሯል፤ ብርድ ላይ መቀመጥ፣ በፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ መሽናት፣ ፊትን ወደ ጨረቃ መልሶ መሽናት። ጨብጥም ሳይቀር በዚህ ይተረጎም ነበር። ትርጓሜው ከንቱ ፌዝ አይደለም፤ ማቃጠሉን ከጋለ ነገር ጋር ማያያዝ ተሕዋስያን ከመታወቃቸው በፊት የነበረ ምክንያት ፍለጋ ነው። ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 በሕፃናት አንጀት ያገኘውና በስሙ የተጠራው ባክቴሪያ የአብዛኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምክንያት መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። የሴቶች የሽንት ቧንቧ አጭር በመሆኑ ሕመሙ በእነርሱ ላይ ይበዛል፤ ይህ የንጽሕና ጉድለት ማስረጃ አይደለም፤ ለትዳር ጠብም ምክንያት ሊሆን አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ምልክት ባይኖራትም መመርመር አለባት። በወንድ ላይ ሲታይ ደግሞ ከበስተ ኋላው የፕሮስቴት እጢ፣ የጠጠር ወይም በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ መኖር አለመኖሩ ሊጣራ ይገባል። ማቃጠሉ ስለ ቆመ መድኃኒትን ማቋረጥና የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል ግን በሽታውን ያስመልሳል፤ መድኃኒቱንም ያደነዝዛል።

ሽንት ሲቀላ ደግሞ ሐኪሙ «የት አድገሃል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃ ቢልሃርዝያ ይገኛልና በወንዙና በቦዮቹ ሲዋኝ ያደገ ወጣት አዲስ አበባ ከገባ ከዓመታት በኋላ ደም ሊሸና ይችላል። በቢልሃርዝያ ታሪክ የአገራችን ስም በክብር ይነሣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተውለው የእንዶድን ኃይል ለዓለም አሳወቁ። በአሁኑ ጊዜ ሁለቱም የቢልሃርዝያ ዓይነቶች በፕራዚኳንቴል ይታከማሉ። ሆኖም ዕድሜው የገፋ፣ በተለይም የሚያጨስ ሰው ያለ ሕመም ደም ቢሸና አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ቢጠፋ እንኳ ለካንሰር መመርመር አለበት።

«ቢራ ጠጠሩን ያወርደዋል?»

ይህን ጥያቄ ሕሙማን ፈገግ እያሉ ያቀርቡታል። ቢራ ሽንትን ስለሚያበዛ ጠጠርን አጥቦ የሚያወርድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውነትን መልሶ ያደርቃል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፤ ስለዚህ በቢራም ሆነ በተልባ ድኛለሁ የሚለው ሰው አልዋሸም፤ የዳነበትን ምክንያት ግን አሳስቷል። ጠጠር ዳግም እንዳይፈጠር የሚረዳው በቀን ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል የሚደርስ ሽንት የሚያስገኝ ውኃ መጠጣትና ጨውን መቀነስ ነው። ኩላሊቱ የደከመና ያበጠ ሕሙም ግን ይህን ምክር ለራሱ አይውሰድ፤ ለእርሱ የውኃው መጠን በሐኪም ይወሰናል።

«አንዴ ቢታጠብልኝ ይበቃኛል?»

ብዙ እናቶች «ልጄ፣ አንዴ ታጥቦ ይለቀኝ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «እጥበት አንዴ ከተጀመረ አይቆምምና አልጀምርም» ይላሉ። ሁለቱም ከአንድ ቃል የተነሡ ስሕተቶች ናቸው። የሚታጠበው ኩላሊቱ አይደለም፤ ደሙ ነው።

ቶማስ ግሬሃም የተባለው ስኮትላንዳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1861 በስስ ሽፋን አማካይነት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ከትላልቆቹ የሚለዩበትን ዘዴ ዲያሊሲስ ብሎ ሰየመ። ይህን መርሕ ለሰው ልጅ ያዋለው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ ነው። አገሩ በናዚ ጦር ተይዛ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1943 የቋሊማ መጠቅለያ የሆነውን ሴሎፌን በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠምጥሞ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሰመመን ነቅታ ዳነች። ሴትዮዋ የዳነችው የደረሰባት የኩላሊት መድከም ድንገተኛ ስለ ነበረና የገዛ ኩላሊቷ ወደ ሥራው ስለ ተመለሰ ነው። ዛሬም በወሊድ ደም መፍሰስ፣ በብርቱ ተቅማጥ፣ በወባ ወይም በመድኃኒት ሳቢያ ኩላሊቱ በድንገት የቆመ ሰው ጥቂት ጊዜ ታክሞ ሊያቆም ይችላል። እጥበት ፈጽሞ አይቆምም የሚለው አባባል እንዲህ ያለውን ሕሙም በከንቱ ይገድላል።

ሥር የሰደደው ድካም ግን ሌላ ነው። ጤነኛ ኩላሊቶች በየቀኑ ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያለ ዕረፍት ያጣራሉ። መሣሪያው ቢበዛ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ይህ የሳምንቱ 168 ሰዓት ከሆነው ጊዜ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ያኖራል እንጂ አያድንም። እንዲህ ለዘለቄታው ማከም የተቻለው አሜሪካዊው ቤልዲንግ ስክሪብነር እ.ኤ.አ. በ1960 በሲያትል ከደም ሥር ጋር ተያይዞ የሚቆይ ቱቦ ካስገኘ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ አልጋው ጥቂት፣ ሕሙሙ ብዙ በመሆኑ በከተማይቱ ማን ይታከም፣ ማን ይሙት የሚል ውሳኔ ለአንድ የሲቪል ሰዎች ኮሚቴ ተሰጠ።

በአገራችን ለዘለቄታው የሚሰጠው የዲያሊሲስ ሕክምና የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. በኋላ ሲሆን ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ገብርኤል ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2010 የታከሙ 91 ሕሙማን ታሪክ ተጠንቶ ታትሟል። በኋላም በዳግማዊ ምኒልክና በቅዱስ ጳውሎስ የመንግሥት ሆስፒታሎች አገልግሎቱ ተጀመረ። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ለወንድማቸው ወይም ለእናታቸው እጥበት የሚለምኑ ወጣቶችን ያላየ የከተማው ነዋሪ የለም። በሲያትል ኮሚቴው ይሰጥ የነበረውን ውሳኔ በእኛ ከተማ የሚሰጠው የቤተሰብ ኪስ ሆኗል።

«አንዱን ብሰጣት እኔስ?»

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ በቦስተን ከመንታ ወንድም ወደ መንታ ወንድም ኩላሊት አዛወሩ፤ መንትዮቹ አንድ ዓይነት በመሆናቸው የተተካው አካል አልተጠላም። ለሌሎች ሰዎች መንገዱ የተጠረገው የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚቀንሱ መድኃኒቶች ከተገኙ በኋላ ነው። ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ግን ለረጅም ጊዜ ንቅለ ተከላ ለማግኘት ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች መሄድ ነበረባቸው። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገር ውስጥ ተካሄደ።

ለእህቱ ሊሰጥ የሚያስብ ወንድም የሚጠይቀው ጥያቄ ቅን ነው። በሚገባ ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰው በአንድ ኩላሊት ሙሉ ሕይወት ሊኖር ይችላል፤ የቀረውም ኩላሊት ሥራውን ያሳድጋል። ነገር ግን በየጊዜው የደም ግፊቱን፣ ሽንቱንና የኩላሊቱን ሥራ መመርመር አለበት። ተቀባይዋም ዕድሜዋን ሙሉ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ስለዚህ ንቅለ ተከላም ቢሆን ከሕክምና ክትትል አያሰናብትም። መስጠት ደግሞ በፈቃድ ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ሸንጎ የሚያስገድደው ስጦታ ስጦታ አይደለም፤ ኩላሊት መሸጥና መግዛትም ወንጀል ነው።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ከላይ የተዘረዘሩት ጥያቄዎች ሁሉ የሚነሡት ሕመም፣ ማቃጠል፣ ደም ወይም እብጠት ከታየ በኋላ ነው። ኩላሊትን የሚያድነው ጥያቄ ግን ከመካከላቸው የለም። እርሱም «የደም ግፊቴ ስንት ነው? በደሜ ውስጥ ስኳር አለ?» የሚለው ነው። ኩላሊትን በዝግታ ከሚያጠፉት ምክንያቶች ዋነኞቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በደም ምርመራ የሚታየው ክሪያቲኒን በግልጽ ከፍ የሚለው የኩላሊት ሥራ ወደ ግማሽ ከተቀነሰ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለፕሮቲን ሽንቱን፣ ለክሪያቲኒን ደሙን ሊመረመር ይገባል። ግፊቱ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነም ምንም ባያመው መታከም አለበት። «ዳንኩ» ብሎ የግፊት መድኃኒትን ማቆም በአገራችን ወደ ዲያሊሲስ ክፍል ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን እስከ ቤት ደጃፍ ያደርሳል፤ የግፊት መለኪያም በየጤና ጣቢያው ይገኛል። የኮልፍን በርሜል፣ የሲያትልን ቱቦና የቦስተንን ቀዶ ሕክምና ወደ አገራችን ለማምጣት ብዙ አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ይህ ሁሉ ጥበብ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ቁጥር የሚቀንሰው መሣሪያ ግን ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሕሙማን ስለ እርሱ እስኪጠይቁን ሳንጠብቅ እኛ ሐኪሞች ጥያቄውን ልናስቀድም ይገባናል።