መዥገሯን ማን ቀድሞ ጠረጠራት?

አልላቀቅ ያለንን ሰው «እንደ መዥገር ተጣበቀብን» እንላለን። መዥገር ግን ደም መጥጣ ብቻ አትሄድም፤ አንዳንዴ ባቤዚያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ትታ ትሄዳለች። ተሕዋሱ እንደ ወባ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ሴሉንም አፍርሶ ይወጣል። ስሙን ያገኘው በ1888 በሮማኒያ ከብቶች ደም ውስጥ ካየው ከቪክቶር ባቤሽ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። እኛ ግን ዛሬ የምናወጋችሁ መዥገሯን ቀድመው ስለጠረጠሯት ሰዎች ነው።

ቦታው አሜሪካ ነው። ከቴክሳስ ወደ ሰሜን የሚነዱ ከብቶች ባለፉበት መንገድ የአካባቢው ከብት ያልቅ ነበር። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ቀጥሎ እንደ ደም የቀላ ሽንት፣ ከዚያ ሞት። የሚገርመው እንግዶቹ ከብቶች ምንም አልሆኑም! በ1850ዎቹ የሚዙሪ ገበሬዎች ጠመንጃ ይዘው መንገድ እስከ መዝጋት ደረሱ።

ከከብት አርቢዎቹ መካከል «ጣጣው የመዥገሯ ነው» የሚሉ ነበሩ። ማን ይስማቸው? በ1868 በሽታውን ያጠናው ታዋቂው የእንስሳት ሐኪም ጆን ጋምጂ ሐሳቡን ጨርሶ አጣጣለው። ሌሎችም ግጦሹን የመረዘው የቴክሳስ ከብት ምራቅ ወይም እበት ነው አሉ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን የአርቢዎቹን ወሬ ከምር ወሰዱት። ከ1889 ጀምሮ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ መስክ አጥረው ሞከሩ። በአንዱ አጥር መዥገር ያለባቸውን የደቡብ ከብቶች ከሰሜኖቹ ጋር ቀላቀሉ። በሌላው የደቡቦቹን መዥገር በእጅ አንድ በአንድ ለቀሙ። በሦስተኛው የደቡብ ከብት ሳያስገቡ መዥገር ብቻ በተኑ። መዥገር ባለበት ሁሉ የሰሜን ከብት ታመመ፤ በተለቀመበት ጤነኛ ሆነ።

እንቆቅልሹም ተፈታ። የጠገበች መዥገር ከከብቱ ወርዳ እንቁላል ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት ልጆቿም ተሕዋሱን ይዘው ይወለዳሉ። በሽታው መንጋው ካለፈ ከሳምንታት በኋላ የሚፈነዳው ለዚህ ነበር። የደቡብ ከብቶች ደግሞ በጥጃነታቸው ተይዘው ስለሚድኑ አካላቸው ለምዶታል። ግኝቱ በ1893 ታተመ፤ ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘበት ከ1897 በፊት መሆኑ ነው።

በ1906 መንግሥት የማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። ገበሬው ከብቱን አርሴኒክ ባለበት ገንዳ በየጊዜው እንዲነክር ታዘዘ። ሁለት ሦስት ላም ላለው ደሃ ይህ ቀላል አልነበረም፤ ገንዳውን በድማሚት ያፈነዱም ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ ከአርቢ አፍ የወጣው ዕውቀት በትእዛዝ መልክ ወደ አርቢው ተመለሰ። ዘመቻው ግን በ1943 ከሜክሲኮ ድንበር ጠባብ ቀጠና በስተቀር አገሩን ከመዥገሯ አጸዳ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1957 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ ጣፊያው የወጣለት አንድ ገበሬ በባቤዚያ ሞተ፤ በሰው ላይ የተመዘገበው የመጀመሪያው ነው። «ጣፊያ ላለው አያሰጋም» ሲባል፣ በ1969 በአሜሪካዋ ናንቱኬት ደሴት ጣፊያዋ ያልተነካ ሴት ታመመች። እዚያ ተሕዋሱ የሚኖረው አይጥ ውስጥ ነው፤ መዥገሯን የሚያበዛት ደግሞ አጋዘን ነው። በደም ልገሳም ስለሚተላለፍ ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የለጋሽ ደም ይመረመራል።

ታዲያ ምን እንላለን? አርቢዎቹ ጠረጠሩ፣ ሳይንቲስቶቹ አረጋገጡ። በመካከል የባከኑትን ዓመታት የበላው ግን «ያልተማረ ሰው ምን ያውቃል?» የሚለው ንቀት ነው። የከብቱን ነገር ከእረኛው በፊት ማንን ልንጠይቅ ኖሯል?