ሰቆታ በዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ

በአገራችን የትርጓሜ ትምህርት መምህሩ የተናገረውን በሌላ መጽሐፍ ቃል ሲያጸና ቃሉን ጠቅሶ «እንዲል» ብሎ ያስራል። ይህች አጭር ቃል የምትፈጽመው ተግባር ዛሬ በሳይንሳዊ ጽሑፍ መጨረሻ የሚሰለፈው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ከሚፈጽመው አይለይም፤ ይኸውም ነገሩ ከየት እንደ ተገኘ ማመልከትና ለባለቤቱ ተገቢውን ዋጋ መስጠት ነው። ልዩነቱ መምህሩ ምንጩን በልቡ ይዞ ሲጠቅስ፣ የዘመናችን ጸሐፊ አደራውን ለኮምፒዩተር ማስረከቡ ነው። መሣሪያው አደራውን እንዴት እንደ ጠበቀ ለመመርመር ሰቆታንና የዋግ ኽምራን ደጋማ ምድር የሚመለከቱ ጽሑፎች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ።

ሰቆታ የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣኛን በሰፊው ካጠኑት የውጭ ሊቃውንት አንዱ ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተሙት ሥራ የቋንቋውን ስም በላቲን ፊደል በ«ሲ» ጀምረው ጻፉት። በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ የአበርገሌን አነጋገር ያጠኑት ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ«ኬ» ጻፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዋስዋዊ ጥናት ያወጡት ዴቪድ አፕልያርድም በ«ኬ» ጀመሩት። ዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ደግሞ በ«ኤክስ» መዝግቦታል። የከተማይቱም ስም እንዲሁ ነው። በቀድሞ መጻሕፍት «ሶኮታ» ተብሎ ይገኛል፤ በዛሬ ካርታዎች በአብዛኛው በ«ኬ» ይጻፋል፤ በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የታወጀው የሰቆታ ቃል ኪዳን ግን በ«ኪው» ይጻፋል። ስለዚህ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላውን ሳያገኝ ይቀራል።

የመሣሪያው ታሪክ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። የኮምፒዩተር ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የአንድ መጽሐፋቸው የኅትመት ማረሚያ ገጾች ደርሰዋቸው ሲመለከቱ የፊደሉ አጣጣል ስላላረካቸው፣ ራሳቸው የገጽ አቀናባሪ ፕሮግራም ለመሥራት ተነሡ፤ ከዚህም «ቴክ» ተወለደ። በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት በዚሁ ላይ «ላቴክ»ን ገነቡ፤ ኦረን ፓታሽኒክም እ.ኤ.አ. በ1985 የዋቢ ሥራውን የሚያከናውነውን «ቢብቴክ»ን አወጡ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጸሐፊው የሚጠቅሳቸውን ሥራዎች ደራሲ፣ ርዕስና ዓመት እየለየ በአንድ መዝገብ ያኖራል፤ ለእያንዳንዱም ቁልፍ ቃል ይሰጠዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠራው ቁልፉን ብቻ ነው። ፕሮግራሙም የተጠሩትን ከመዝገቡ መርጦ፣ በፊደል ተራ አሰልፎ፣ መጽሔቱ በሚጠይቀው ሥርዓት ያዘጋጃቸዋል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም መሣሪያ የተወለደበትን አገር ልማድ ይዞ ይጓዛል። ቢብቴክ የሰው ስም ሲሰጠው፣ በነጠላ ሠረዝ ካልተከፈለ በስተቀር፣ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሰው የሚታወቀው በገዛ ስሙ ነው፤ የሚከተለው የአባቱ ነው። የገጠር ኢትዮጵያን ለረሃብ መጋለጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1984 መጽሐፍ ያሳተሙትን የመልክዓ ምድር ሊቅ መስፍን ወልደ ማርያምን እንውሰድ። የአባታቸው ስም በሁለት ቃላት ተለያይቶ ከተጻፈ፣ ፕሮግራሙ «ማርያም»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ «መስፍን»ንና «ወልደ»ን በመነሻ ፊደላት አሳጥሮ ያሰልፋቸዋል። መስፍን የሚባለውን ደራሲ በስሙ ተራ የሚፈልግ አንባቢ አያገኘውም። ሌላው ጸሐፊ «ወልደማርያም» ብሎ አጣምሮ ቢጽፍ ደግሞ አንዱ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ይታያል።

የዘመኑም አቆጣጠር ከዚህ ያላነሰ ስሕተት ያስከትላል። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ እንደ ነበረ ይታወቃል። በዚያው ዓመት የተጻፈ የድርቅ ዘገባ ዓመቱ ሳይመለስ በመዝገቡ ቢገባ፣ መሣሪያው ቁጥሩን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ይቆጥረዋል። ዘገባውም አደጋው ከመድረሱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ እንደ ተጻፈ ትንቢት መስሎ በዝርዝሩ ይቀመጣል። በሰቆታ የደረቅ ምድር ግብርና ለሚመራመር ሰው ይህ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ አይደለም። ከእርሱ በፊት የተደረገውን ሙከራ ካላገኘ፣ በዚያው ማሳ ላይ ያንኑ ሙከራ ከመጀመሪያው ሊደግመው ነው።

መፍትሔው ግን ከእጃችን የራቀ አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ የደራሲው ሙሉ ስም በጥምዝ ቅንፍ ከታጠረ ቢብቴክ ሳይከፍል እንደ አንድ ስም ይይዘዋል፤ በገዛ ስሙም ተራ ያሰልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በገዛ ስማቸው ማሰለፉ ሥርዓቱ በዓለም መድረክም ተቀባይነት እንዳለው ያስረዳል። የፊደላችንም ነገር ደረጃ በደረጃ ተሻሽሏል። በ1990ዎቹ ብርሃኑ በየነና በሃምቡርግ የነበሩ ባልደረቦቻቸው ግእዝን በላቴክ ለመጻፍ የሚያስችል ጥቅል አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ገባ፤ ዩኒኮድን የሚያነበው «ዚቴክ» እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። አሮጌው ቢብቴክ የግእዝን ፊደል ሲያሳጥር የሚሰባብር ቢሆንም፣ በኋላ የመጡት «ቢብላቴክ» እና ረዳቱ «ቢበር» ፊደሉን በሙሉነቱ ይይዙታል፤ የስም ክፍሎችንም ተጠቃሚው እንዲወስን ይፈቅዳሉ።

የቀረው የሰው ሥራ ነው። የቦታውን ስም ልዩ ልዩ አጻጻፍ በቁልፍ ቃላት መመዝገብ፣ ከዓመቱ ጎን አቆጣጠሩን መግለጽ፣ ስሙንም ባለቤቱ እንደሚጠራበት ማስፈር ለአንድ መጽሐፍ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። መሣሪያው የሰጡትን ይመልሳል፤ ማን ማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም። ከሰቆታ የተጻፈው በጸሐፊው ስም ይገኝ ዘንድ «እንዲል» ብሎ በትክክል መጥራት ዛሬም የጠቃሹ አደራ ነው።