የጣና ደንገል፣ ከአትላንቲክ እስከ ተከዜ

ጎንደር አብረን የተማርን ሁሉ ባሕር ዳር ወርደን የደንገል ታንኳ አይተናል። ከዚያው ደንገል የተሠራ መርከብ አትላንቲክን እንዳቋረጠ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተነሣ። ከጣና 12 ቶን ያህል ደንገል ወደ ግብፅ ተጫነ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎችም ፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ»ን ሠሩ። ባለ አንድ አራት ማዕዘን ሸራዋ ራ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሣች። ሐኪሟ የሙያ ባልደረባችን፣ ሶቪየታዊው ዩሪ ሴንኬቪች ነበር። ባርቤዶስ ለመድረስ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀራት ግን የኋላ ጫፏ ሰጥሞ ተተወች።

ነገሩ የአንድ ገመድ ነው። የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ መርከቡ ወለል የሚወርድ ገመድ አለ። ጌጥ ቢመስልም ጫፉን ወደ ላይ የሚወጥረው እሱ ነው፤ ራ ላይ አልነበረም። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች በጣና ደንገል «ራ 2»ን ሠሩ። በ57 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ባርቤዶስ ገባች።

ሰቆጣ ስሠራ ይህን ልሞክረው አልኩ። ከባሕር ዳር ባስመጣሁት ደንገል 60 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ራ አሰርኩ፤ ሪሞቱንና ሞተሮቹን ከልጄ መጫወቻ መኪና ፈታሁ። አንዱ ሞተር መቅዘፊያውን፣ ሌላው ሸራውን ያዞራል። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያጠራቀመው ውኃ ዋግ ኽምራ ድረስ ስለሚዘልቅ አበርገሌ ወርጄ ለቀቅኳት። ያለ ገመዱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጫፏ ዘቀዘቀ። አድርቄ፣ ገመዱን አስሬ ብመልሳት ቀጥ አለች። ሪሞቱን ብትሰማም ነፋሱን ተቃውማ መመለስ ግን አልቻለችም፤ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ሄደው አመጡልኝ፣ እየሳቁ።

መመለሻው መንገድ ላይ የራሴ ገመድ ትዝ አለኝ። ሥራ ሲበዛብኝ፣ ታካሚ ለላኩልን ጤና ጣቢያዎች መልስ መጻፍ ትቼ ነበር፤ ወረቀት ብቻ መስሎኝ። በማግስቱ ጀመርኩ። ከወራት በኋላ አንዲት ነርስ፣ «ዶክተር፣ ለካ ታነቡት ኖሯል!» ብላ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ እናቶችን ቀድማ ትልክልናለች።