ላሊበላ በሲቪላይዜሽን 6
የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አርአያ ያደረገ የኮምፒውተር ጨዋታ ግንባታ፤ ፊራክሲስ ለሠራው ሲቪላይዜሽን 6 በተዘጋጀውና በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ይገኛል። ጨዋታው በተለያየ ዘመን የኖሩ መሪዎችን በአንድ ካርታ ላይ ያፋልማል፤ ኢትዮጵያን የሚመሩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከጋንዲ ወይም ከክሊዮፓትራ ጋር ሊገጥሙ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የሚሠራው በኮረብታ ወይም በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ሲሆን፣ አጠገቡ ያለ ተራራና ኮረብታ ሁሉ የእምነት ነጥብ ይጨምርለታል። ላሊበላ ለሚገኝበት ለላስታ የሚገባ ምርጫ ነው፤ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በደጋው ላይ፣ ከእሳተ ገሞራ አለት ነውና። የጎደለው ድካሙ ነው፦ ከ11ዱ አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስ ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ በጨዋታው ግን ሠራተኛው በአንድ ትእዛዝ ያቆመዋል።