ውሃ ብቻውን ለምን አይበቃም? የኦአርኤስ ታሪክ

በአቦቦ ወረዳ አልዌሮ ግድብ ዳር ውሃ ሞልቷል። ልጅ በተቅማጥ ሲዳከም ግን ውሃ ብቻ ማጠጣት አያድነውም። ለምን?

የአንጀት ሴል ሽፋን ቅባት ስለሆነ ጨው በራሱ አያልፈውም፤ በር ይፈልጋል። ኮሌራ አንዱን በር ከፍቶ ይተወዋል፤ ጨው ይፈስሳል፣ ውሃም ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበት ሌላ በር እንዳለ ፕራግ ላይ አስረዳ። ይህ በር በኮሌራ ጊዜም ይሠራል።

በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች ሕንድ ውስጥ ቦንጋዎን ላይ በኮሌራ ሲያልቁ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ አለ። ዶ/ር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው ማጠጣት ጀመሩ። ከ100 ታማሚ 30 ያህሉን ይገድል የነበረው በሽታ ከ4 በታች ወረደ።

ስደተኞችን በምታስተናግደው ጋምቤላም መፍትሔው ያው ነው። የግድብ ወይም የወንዝ ውሃ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጡ፤ በትንሽ በትንሹ አጠጡ። በ24 ሰዓት ካላለቀ ድፉት። ጡት አታቋርጡ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ተቅማጡ ደም ካለው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመንገድም ማጠጣቱን አታቁሙ።