ምስጥ ደረቅ እንጨት በልቶ እንዴት ይኖራል?

የቤት ማገር፣ የአጥር እንጨት፣ የደረቀ ሣር፣ የበቆሎ አገዳ፤ ምስጥ የሚመገባቸው ነገሮች ለብዙ እንስሳት ከምግብ የሚቆጠሩ አይደሉም። የእንጨት ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ በቀላሉ አይፈጭም፤ ሰውነትን ለመገንባት የሚያስፈልገው ናይትሮጅንም በእንጨት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ይሁንና ምስጥ ብርሃን በማይደርስበት ጎጆው ውስጥ በዚሁ ምግብ እየተራባ ይኖራል።

ምስጢሩ ያለው በሆዱ ነው። ላም ሣሩን ለመፍጨት በጨጓራዋ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እንደምትታገዝ ሁሉ፣ የበርካታ ምስጥ ዝርያዎች የኋላ አንጀትም በባክቴሪያና ፕሮቶዞዋ በሚባሉ ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረታት የተሞላ ነው። ፕሮቶዞዋዎቹ የእንጨቱን ፍርፋሪ ውጠው በኮምጣጤ ውስጥ ወደሚገኘው አሲድ ይለውጡታል፤ ምስጡም ይህን በአንጀቱ መጥጦ ኃይል ያገኝበታል። ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ በባቄላና በሽምብራ ሥር ላይ እንዳሉት ሁሉ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ለሙኤል ክሊቭላንድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ይህን በሙከራ አሳይቷል። ፕሮቶዞዋዎቹ የጠፉባቸው ምስጦች እንጨት መብላታቸውን ሳያቆሙ በረሃብ ሞቱ፤ ተሕዋስያኑ የተመለሱላቸው ግን ዳኑ። እነዚህ ምስጦች ቆዳቸውን በቀየሩ ቁጥር ተሕዋስያኑን ስለሚያጡ፣ ከጎጆ አጋሮቻቸው ኋላ የሚወጣውን ፈሳሽ በመመገብ ይተኳቸዋል። ነገሩ ለሰሚ ቢቀፍም፣ ምስጥ ተነጥሎ መኖር የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ ትልልቅ ኩይሳ የሚሠሩት ምስጦች ግን መንገዳቸው ሌላ ነው። በኩይሳው ውስጥ ፈንገስ ያለማሉ። ሠራተኞቹ ያኘኩትን ሣርና እንጨት በአንጀታቸው አሳልፈው ይከምሩታል፤ የሚበቅልበት ፈንገስ ካብላላው በኋላ መልሰው ይበሉታል። ክረምት ሲገባ ከኩይሳ ላይ የሚፈነዳው እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ፍሬ ነው፤ በአካባቢው የሚበቅለው እንጉዳይ ሁሉ ግን የሚበላ አይደለም።

ለመከላከሉም ይህ ትርጉም አለው። የኩይሳውን አናት ብቻ ማፍረስ ፋይዳው ትንሽ ነው፤ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል የምትጥለው ንግሥትና የፈንገሱ ማሳ ከሥር ስለሚቀሩ ሠራተኞቹ መልሰው ይገነቡታል። በምዕራብ ወለጋ እንደታየው፣ ሣርና ቅጠል በተራቆተበት መሬት ደግሞ ለፈንገሱ የሚቀርበው ቀለብ የቆመው ሰብል ይሆናል። የደረሰ በቆሎ ከሥሩ ተቆርጦ ሲወድቅ ምስጡ እሸቱንና ቆረቆንዳውን መሬት ላይ ያገኘዋል፤ ስለዚህ በቆሎው እንደደረሰ ሳይዘገዩ መሰብሰብ ጉዳቱን ይቀንሳል።